አውሮፕላኑን የሚጠብቀው ማነው?

ካርታ ዘርግቶ ከቦሌ ወደ ባሌ ሮቤ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ሰው እርሳሱ የሚያልፈው በአርሲ ትከሻ ላይ ነው። መስመሩ አሰላንና ጭላሎን በስተቀኝ ትቶ፣ የባዳንና የጋላማን ሰንሰለት ታክኮ፣ በቲቾ በኩል ወደ ዋቤ ሸለቆ ይወርዳል። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በትልቅ አውሮፕላን ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ የሚያልቅ መንገድ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ለሚሄድ ግን በአገሪቱ ካሉት አስቸጋሪ 250 ኪሎ ሜትሮች አንዱ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ባዳና ካካ ከ4100 ሜትር ያልፋሉ። በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን በተራራማ አገር ላይ በዙሪያው 8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲበር ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ስለዚህ በባዳ አጠገብ ለማለፍ 4700 ሜትር ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና 172 ፋብሪካው ራሱ የጻፈለት ጣሪያ 4300 ሜትር አይሞላም። እዚያ ሲደርስም በደቂቃ የሚጨምረው 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ ተራራ ለቆመበት ሰው 30 ሜትር በደቂቃ ማለት ምንም ማለት ነው።

ትልቁ ሴስና፣ ካራቫን የሚባለው፣ አቅሙ አለው፤ ከ7000 ሜትር በላይ መውጣት ይችላል። ነገር ግን ውስጡ እንደ ትልቁ አውሮፕላን በአየር ግፊት የታሸገ አይደለም። በደንቡ መሠረት ከ3000 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ለሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ከ4000 ሜትር በላይ ደግሞ አብራሪውም ተሳፋሪውም ሁሉ ያስፈልጋቸዋል። በትንሽ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው አፍንጫው ላይ የሚያደርገው ኦክስጅን ካልተሰጠው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አውሮፕላኑ ተራራውን ዞሮ ሊሄድ ነው፣ ወይ ከተራራው በታች በሸለቆ መሀል ሊሽሎከለክ ነው።

መዞር ይቻላል። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ወርዶ፣ ሻሸመኔ ደርሶ፣ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላና አዳባ ሜዳ መታጠፍ ነው። የኮፈሌ መተላለፊያ 2700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሹም አውሮፕላን ያልፈዋል። ካርታ ላይ ሲለካ ከቀጥታው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለካራቫን 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የ20 ደቂቃ ነዳጅ! የትንንሽ አውሮፕላን ደህንነት ክርክር ግማሹ እዚህ ውስጥ ነው። ለዚህ 20 ደቂቃ የሚከፍለው ማነው? ተከራዩ መሥሪያ ቤት ነው? አከራዩ ድርጅት ነው? ወይስ ደመና ውስጥ የሚገባው አብራሪ?

በዚህ አገር ስለ አውሮፕላን ደህንነት ሲወራ የሚወራው ስለ ትልቁ አየር መንገድ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጊምቢቹ ላይ 157 ሰው ካለቀ በኋላ ደግሞ ወሬው በሙሉ ስለ ቦይንግ ሆነ። መሆንም ነበረበት። ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳን ለትንንሾቹ አልተረፈችም። በእነዚህ ተራሮች ላይ በትንሽ አውሮፕላን የሚሄደው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ታማሚ ነው፤ አንበጣ የሚረጭ አብራሪ ነው፤ ፊልም አንሺና ካርታ ሠሪ ነው፤ ገና እየተማረ ያለ ወጣት ነው፤ ቱሪስት ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል፤ በባሌ በኩልም ጎብኚ እየተጋበዘ ነው። ጎብኚው ሲበዛ ቻርተሩ ይበዛል። ቻርተሩ ከመብዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ።

ጥያቄውን ለመረዳት ወደ 1981 ዓ.ም. መመለስ ይጠቅማል።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት የሆነ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፑኝዶ ስደተኞች ጣቢያ በረረ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረው ሚኪ ሌላንድ ነው፤ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ዓመታት ሙሉ የጮኸ ሰው። አውሮፕላኑ ፑኝዶ አልደረሰም። የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ጭምር ተሰማርተው ስድስት ቀን ፈለጉት። ነሐሴ 7 ስብርባሪው በምዕራብ ኢትዮጵያ ከአንድ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች የተረፈ የለም።

ስድስት ቀን። የዓለም ኃያል መንግሥት የራሱን ባለሥልጣን ሲፈልግ ስድስት ቀን ፈጀበት። በዚያው አውሮፕላን ላይ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ሌላንድ ባይኖርበት ኖሮ እነሱን ለመፈለግ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? ዛሬ በሂዩስተን አየር ማረፊያ በሌላንድ ስም የተሰየመ ተርሚናል አለ። አብረውት የሞቱት ኢትዮጵያውያን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ይህን ታሪክ ሰዎች ሲያነሱት ስለ ዝናቡና ስለ ተራራው ያወራሉ። ዝናብና ተራራ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደሉም። ሁሌም ነበሩ፣ ሁሌም ይኖራሉ። ከሰው እጅ የሚወጣው ነገር ሌላ ነው፤ አውሮፕላኑ በሚሄድበት ቦታ ሰዓቱን እያየ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ? ሲዘገይ ለማን ይደውላል? የተደወለለት ሰው ምን ያደርጋል?

ደንቡ ለዚህ መልስ አለው። አንድ በረራ ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ድምፁ መሰማት ከነበረበት ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ፣ የአየር ትራፊክ አገልግሎቱ «ጥርጣሬ» የሚባለውን ደረጃ አውጆ ማጣራት ይጀምራል። ካልተገኘ «ማስጠንቀቂያ»፣ ከዚያ «አደጋ» እያለ ያድጋል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ማማ ባለበት አየር ማረፊያ ልክ የተሰፋ ልብስ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪ በሌለበት ሳር ሜዳ ላይ የሚያርፍ አብራሪ «ደርሻለሁ» ብሎ የበረራ ዕቅዱን የሚዘጋው በራሱ ስልክ ነው። ኔትወርክ ከሌለስ? ቢረሳስ? አብራሪው ሦስት ጊዜ ደርሶ ሳይደውል ከቀረ፣ በአራተኛው ጊዜ ሳይደርስ ሲቀር ማን ይደነግጣል? «እንደ ልማዱ ረስቶት ነው» ይባላል። አንድ ሰዓት ያልፋል። ሁለት ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ይመሻል።

አርሲ ላይ ደግሞ ሲመሽ ምን እንደሚሆን የበቆጂ ሰው ያውቃል። ከ3500 ሜትር በላይ፣ ከአስታው ጫካ ወጥቶ ጓሳው ውስጥ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እግሩ የተሰበረ፣ ደሙ የፈሰሰ፣ ሸሚዝ ብቻ የለበሰ ሰው እዚያ ብዙ አያድርም። በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሁሉም ሰው ወዲያው አይሞትም፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከግጭቱ የሚተርፉ አሉ። እነዚህን ሰዎች ተራራው አልገደላቸውም። የሚገድላቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ማንም ሳይፈልጋቸው የሚያልፈው ጊዜ ነው።

የመጠበቂያ ሥርዓት አለመኖር የሚገድልበት ሌላም መንገድ አለ። ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶማሊያ ባርዳሌ ላይ የሕክምና ቁሳቁስ የጫነ አንድ አነስተኛ የጭነት አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ የነበሩበት ስድስት ሰዎች ሞቱ። የተኮሱት በአካባቢው የነበሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች ናቸው። የተሰጠው ማብራሪያ በረራው አስቀድሞ አልተነገረንም፣ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት መሰለን የሚል ነበር። ጦርነቱን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ከማኮብኮቢያው ዳር የቆመው ሰው ምን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ አላወቀም ነበር። ፑኝዶ አውሮፕላኑ ሳይደርስ ቀረ፤ ባርዳሌ ደርሶ ተመታ። በሁለቱም መሀል አንድ የሬዲዮ ጥሪ አለ።

ከጎረቤት አገር ደግሞ ለአርሲ በጣም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ከኪታሌ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ ሴስና ካራቫን በአበርዴር ተራሮች ላይ ጠፋ። አበርዴር ማለት በመልክዓ ምድሩ የኬንያ ጋላማ ነው፤ ለምለም እርሻ ከግርጌ፣ ቀርከሃና ጭጋግ ከወገብ፣ ጓሳ ከአናት። አውሮፕላኑ በኢትዮጵያም ቻርተር ድርጅቶች የሚሠሩበት ዓይነት ነው። ፈላጊዎቹ ጭጋጉ አላሳይ ብሏቸው ቆዩ፤ ስብርባሪው ግንቦት 30 ተገኘ። 10 ሰዎች ሞቱ። ይህ የሆነው ከናይሮቢ በመኪና በጥቂት ሰዓት በሚደረስበት ቦታ ነው። በሰው የተሞላ፣ መንገድ የበዛበት፣ በየቀኑ ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩበት አገር ሁለት ቀን ፈጀበት።

«ታዲያ ዘመኑ የሳተላይት አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው። ግን ሳተላይቱ የሚሰማው የሚናገረው ካለ ብቻ ነው።

ከአላስካ አንድ ታሪክ አለ። ጥቅምት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን የያዘ ትንሽ ሴስና ጠፋ። 39 ቀን ተፈለገ። እስከ ዛሬ አልተገኘም። የአሜሪካ ሕግ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲጋጩ በራሱ የሚነሳ የአደጋ ምልክት ማሰራጫ እንዲይዙ ያዛል። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በ121.5 ሜጋኸርዝ ነበር የሚጮኹት። ከጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሳተላይቶቹ ያንን ሞገድ መስማት አቁመዋል። አሁን የሚሰሙት 406 ሜጋኸርዝን ብቻ ነው። አዲሱ መሣሪያ ማንነቱን ይናገራል፤ ጂፒኤስ ካለው ደግሞ የቆመበትን ቦታ በመቶ ሜትሮች ልዩነት ይጠቁማል።

ስለዚህ በአርሲ ላይ የሚበር ማንኛውም ትንሽ አውሮፕላን ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ የሞተሩ ዕድሜ አይደለም። ማሰራጫው የትኛው ነው? 121.5 ብቻ ከሆነ በላዩ የሚያልፍ ሌላ አውሮፕላን በአጋጣሚ ካልሰማው በስተቀር ለድንጋይ ነው የሚጮኸው። 406 ከሆነም ተመዝግቧል ወይ? ያልተመዘገበ ማሰራጫ ስሙን የማይናገር ጩኸት ነው፤ ምልክቱን የተቀበለው ጣቢያ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደያዘ፣ ለማን እንደሚደውል አያውቅም። የአንድ ፎርም ጉዳይ ነው። ባትሪውስ ቀኑ አላለፈም? ደግሞም በግጭቱ አንቴናው ሊሰበር፣ በእሳት ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ አብራሪ ኪሱ ውስጥ ሌላ ትንሽ የግል ማሰራጫ የሚይዘው። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። አንድ ቻርተር ለአንድ ቀን ከሚከፈልበት ገንዘብ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው።

እዚህ ላይ መንግሥትም ድርሻውን ይውሰድ። የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት አይቻልም። የጸጥታ ምክንያቱ ይገባል። ግን አብራሪ ከጋላማ ማዶ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ሲያርፍ «ደርሻለሁ» የሚልበት መሣሪያ የጸጥታ ስጋት ሳይሆን የጸጥታ መሣሪያ ነው። ፈቃድ ካላቸው አውሮፕላኖች ጋር ተያይዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ አሠራር ሊዘረጋለት ይችላል። የማይታወቅ በረራ የሚያሰጋው መንግሥት በረራውን የሚያሳውቀውን መሣሪያ መፍራት የለበትም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረ የአየር ኃይል ትዊን ኦተር በሞጆ አካባቢ ወድቆ 18 ሰዎች ሞቱ፤ 15ቱ ወታደሮች፣ 3ቱ ሲቪሎች። እንደ ሌላንድ አውሮፕላን ትዊን ኦተር ነው፤ ወሩም ነሐሴ ነው። ይህ ስለ ምክንያቱ ምንም አያረጋግጥም። ወታደራዊ በረራ ደግሞ ከዓለም አቀፉ የሲቪል አደጋ ምርመራ ደንብ ውጪ ስለሆነ፣ እንደ ሲቪሉ የምርመራ ሪፖርቱን ለሕዝብ የማውጣት ግዴታ የለበትም። የሲቪሉ እንኳን ይዘገያል። ደንቡ በ12 ወር ውስጥ ቢወጣ ይመረጣል ይላል፤ የጊምቢቹው የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው ታኅሣሥ 2015 ነው። ዓለም ሁሉ ለሚያየው አደጋ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ከፈጀ፣ ሁለት ሰው የሞተበት የሴስና አደጋ ሪፖርት ለአብራሪ ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ የሚወጣው መቼ ነው? አብራሪ ከሌላው ሞት ካልተማረ ከራሱ ሊማር አይችልም፤ ጊዜ የለውማ።

በሞጆም ሆነ በጊምቢቹ መጀመሪያ የደረሰው ገበሬው ነው። ሁሌም ገበሬው ነው። በአርሲ ከፍታዎችም አንድ ነገር ከሰማይ ቢወድቅ ከአዲስ አበባ ሄሊኮፕተር ሳይነሳ ከብት ጠባቂው ልጅ ሰምቷል፣ አይቷል፣ ሮጧል። የዲገሉና ጢጆ ልጅ እንደሆነ ሩጫ አያስተምሩትም። ግን ሮጦ ማን ጋ ይሂድ? ለቀበሌ ይናገራል። ቀበሌው ለወረዳ ይደውላል። ወረዳው ለፖሊስ፣ ፖሊስ ለዞን፣ ዞኑ ለክልል። በዚህ መሀል «ሮቤ አካባቢ አውሮፕላን ወደቀ» የሚል ወሬ አዲስ አበባ ይደርሳል። የትኛው ሮቤ? አርሲ ውስጥ ሮቤ አለ፣ ባሌ ውስጥ ሮቤ አለ፤ በመሀላቸው የዋቤ ሸለቆ አለ። ፈላጊው አውሮፕላን ወደ ተሳሳተው ሮቤ ከሄደ የቀን ብርሃኑ እዚያ ያልቃል። ይህ የቀልድ ምሳሌ ይመስላል። ፍለጋ የሠራ ሰው ግን አይስቅበትም።

መፍትሔው ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በተራሮቹ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ አንድ የስልክ ቁጥር፤ ሌሊትም ቀንም የሚነሳ፣ በቀጥታ ወደ ፍለጋና ነፍስ አድን አስተባባሪው የሚያደርስ። ከሥሩ ሦስት መስመር፦ ምን አያችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ተራራ በየትኛው ጎን። ከዚያ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁስለኛ አንሱ፣ ስብርባሪ ግን አታንሱ። የሚናገረው ሰው ስማርት ስልክ ካለው ቦታውን በጂፒኤስ ይልካል፤ የሁለቱ ሮቤዎች ጣጣም እዚያው ያልቃል።

ስለ አየሩ ጠባይም ቢሆን ከአሰላ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭላሎ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚውለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥርት ብሎ የታየ ጫፍ ስድስት ሰዓት ላይ የለም። በዓይኑ እያየ እንዲበር ብቻ የሠለጠነ አብራሪ ደመና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከሰባት አሥርት ዓመታት በፊት ፈትኖታል፤ 20 አብራሪዎች ሚዛናቸውን እስኪስቱ የፈጀባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ጆሮ ሰውነት ቀጥ ብሏል ሲል አውሮፕላኑ እየዞረ ይወርዳል። ጀግንነት እዚህ አይሠራም።

ደመናው ሲወርድ ብዙ አብራሪ የሚያደርገው አብሮ መውረድ ነው። አስፋልቱን ተከትሎ ከአዳማ በኢተያ ወደ አሰላ። ይህም ድሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ በአዳማ ዙሪያ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ በኢተያ አቅራቢያ ደግሞ ለአሰላው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ሌሎች ታቅደዋል፤ የእያንዳንዳቸው ክብ ስፋት 132 ሜትር ነው። የድሮ ካርታ የያዘ አብራሪ በጭጋግ ውስጥ ይህን መንገድ ቢመርጥ ተራራውን ሸሽቶ ወደ ምሰሶ ነው የሚሄደው። ለአንድ ስልክ ጥሪ ስንት ብር ይወጣል? አሰላ ላይ፣ በቆጂ ላይ፣ ቲቾ ላይ፣ ዶዶላ ላይ መስኮቱን ከፍቶ «ጫፉ ይታያል» ወይም «አይታይም» የሚል፣ በየሰዓቱ የሚደወልለት አንድ ሰው በየከተማው ማስቀመጥ የበረራ ድርጅቶች ተዋጥተው የሚጨርሱት ነገር ነው።

ሌላው የአርሲ ጣጣ ራሱ አየሩ ነው። ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራው ስስ አየር ለሯጭ ሳንባ በረከት ነው፤ ለሞተር ግን ረሃብ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2430 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐያማ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ቢሆን፣ አውሮፕላኑ የሚሰማው 3300 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከኃይሉ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል፤ ክንፉም ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ማለዳ ላይ አራት ሰው ይዞ የተነሳ አውሮፕላን፣ ከደጋ ሳር ሜዳ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ያንኑ አራት ሰው ይዞ ላይነሳ ይችላል። መልሱ የታወቀ ነው፦ በጠዋት መነሳት፣ ወይም አንድ ሰውና ሻንጣውን ማስቀረት።

አንድ ሰው ማስቀረት። እስኪ የሚቀረው ማነው? የኮሚሽኑ ኃላፊ? የለጋሽ ድርጅቱ ተወካይ? ትኬቱን ከአውሮፓ የከፈለው ጎብኚ? ዋናው በሽታ ይኸው ነው። በዚህ አገር አለቃ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር አለቅነቱን ከበሩ ላይ አውርዶ አይገባም። «ስብሰባ አለብኝ»፣ «ፕሮግራሙ ተይዟል»፣ «ትናንት ሌላው አብራሪ አልፎት የለ እንዴ?» ይላል። ወጣቱ አብራሪ ደግሞ በሰዓት የሚከፈለው፣ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስለት ሰው ነው። «አይሆንም» ያለ አብራሪ ፈሪ ይባላል፤ «ይሆናል» ብሎ በሰላም የደረሰ ጎበዝ ይባላል። ይህ ሙገሳ አውሮፕላን ይሰብራል።

ጀግኖች ነበሩ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ እህል ለተራበው ሕዝብ ይጥል ነበር። ከጣልያን ወረራ ጀምሮ በዚህ አገር ሰማይ የኖረ ሰው ነው። የሞተው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት፣ መሬት ላይ እያለ ነው፤ አደገኛ ሥራውን አርባ ዓመት ሲሠራ ሰማዩ አልጣለውም። ሰዎች ድፍረቱን ብቻ ይተርካሉ። ዝቅ ብሎ ለመብረር ግን ሜዳውን፣ ነፋሱንና የአውሮፕላኑን ክብደት በቁጥር ማወቅ ግድ ነው።

«እርዳታ አይጠብቅም፣ ታማሚ አይጠብቅም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም የከበደው ነው፤ እውነትም አለበት። ግን ፑኝዶ ያልደረሰው በረራ የእርዳታ በረራ ነበር። ባርዳሌ የተመታውም የሕክምና ዕቃ የጫነ ነበር። ያልደረሰ መድኃኒት ለማንም አልጠቀመም።

ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን የሚከራይ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ላይ ሊያስገባቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ፤ የማንንም አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የተመዘገበ የ406 ማሰራጫ። በየጥቂት ደቂቃው ቦታውን በሳተላይት የሚልክ መከታተያ። በባዳና በካካ በኩል ከታለፈ ኦክስጅን፣ ካልታለፈ የኮፈሌው መንገድ ነዳጅ በሂሳቡ ውስጥ። ብርድ ልብስና ውሃ። አብራሪው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ክፍያው እንደማይቀነስበት የሚል አንድ አንቀጽ። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ማማ ወደሌለበት ሜዳ የሚደረግ በረራን ሁሉ፣ በስም የታወቀ፣ ስልኩ የተመዘገበ፣ በመድረሻው ላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ዕቅዱን አልቀበልም ማለት ይችላል። ያ ሰው አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ የጤና ጣቢያ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሰዓት ማየት ነው። 30 ደቂቃ ካለፈ ይደውላል። አብራሪው ረስቶት ከሆነ ይቆጣዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይረሳም።

ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል። ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ቢያንስ የዲገሉና ጢጆ፣ የጢዮ፣ የሊሙና ቢልቢሎና የቲቾ ቀበሌዎች ግድግዳ ላይ ያ ቁጥር ሊለጠፍ ይችላል። ወረቀትና ማጣበቂያ ነው የሚፈጀው።